መልስ፦ አሜሪካን ፉትቦል የተባለው የሮክ ባንድ የፈረሰው የመጀመሪያ አልበሙ ተጠልቶ ነው?

አይ፣ ተጠልቶ አይደለም። ልጆቹ የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ፣ ትምህርቱ ሲያልቅ ሁሉም ወደየመንገዱ ሄደ፣ በቃ።

አልበሙ በ1999 (እ.ኤ.አ.) ፖሊቫይናል በተባለው የሙዚቃ አሳታሚ ሲወጣ ብዙ ሰው አልሰማውም፤ ባንዱ ስለፈረሰ እየዞረ የሚያስተዋውቀውም አልነበረም። ከዚያ ግን አንዱ አድማጭ ለሌላው እያቀበለው፣ በኢንተርኔትም እየተዛመተ፣ ዓመት በጨመረ ቁጥር ወዳጁ በዛ፣ 2014 ላይ በድጋሚ ሲታተም ባንዱ ራሱ ተመልሶ መድረክ ላይ ወጣ። የሚገባው ክብር ነው። ጊታሮቹ እንደ ሐረግ ይጠላለፋሉ፣ መሃል ላይ ትራምፔት ይገባል፣ ዘፈኑም አይቸኩልም። ኢሞ (ስሜት የሚበዛበት የሮክ ዓይነት) ጩኸት ብቻ ነው ለሚል ሰው መጀመሪያ የማሰማው ይህንን ነው።

ስትፈልገው ግን ተጠንቀቅ። የ2016ቱም የ2019ኙም አልበም ስማቸው ያው የባንዱ ስም ነው፤ የጠቆምኳቸው ጓደኞቼ ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ሽፋኑን እይ፦ ከታች ወደ ላይ ፎቶ የተነሳ ቤት ከውጭ ከታየህ የመጀመሪያው እሱ ነው። የ2016ቱ ያንኑ ቤት ከውስጥ ነው የሚያሳየው።