የፊት አክስሉ ይቀየር ወይስ ያለው ይጠንክር?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የምኖረው በአሜሪካ ኮሎራዶ ግዛት፣ አውሮራ ከተማ ነው። የ2004 ሞዴል ጂፕ ራንግለር አለኝ፤ ሞተሩ ባለ 4.0 ሊትር፣ ካምቢዮው አውቶማቲክ ሲሆን የፊትና የኋላ ዲፈረንሻሉ ማርሽ 3.73 ነው። 30 ኢንች የነበረውን ጎማ ወደ 33 ኢንች አሳድጌ በበጋው ወራት ከወዳጆቼ ጋር ተራራ እወጣለሁ። ባለፈው በጋ ሬድ ክሊፍ አቅራቢያ በሚገኘው የሆሊ ክሮስ መንገድ ላይ፣ መሪውን እስከ መጨረሻው ጠምዝዤ ከቋጥኝ መካከል ለመውጣት ነዳጅ ስሰጥ የቀኙ የፊት ክሮቸራ (ሁለቱን ዘንጎች የሚያገናኘው መስቀል) ተሰበረ፤ የአክስሉን ዘንግ ጆሮም አብሮ ገነጠለው። አሁን 35 ኢንች ጎማ ለማስገባት አስቤያለሁ። አንድ ጋራዥ ዳና 30 የሚባለውን የፊት አክስል አውጥቼ ለድንጋያማ መንገድ ከተሠራው ራንግለር ሩቢኮን የወጣ፣ ዳና 44 የሚባል ጠንካራ አክስል እንዳስገባ መክሮኛል። ይህ ይበቃኛል? ወይስ አንዴ ከወጣሁ ላይቀር ወደ ዳና 60 ልሂድ?

መልስ፦ አክስል ከመግዛትዎ በፊት የተሰበረብዎትን ክፍል ልብ ብለው እንዲመለከቱት እለምንዎታለሁ፤ ምክንያቱም የተመከሩት ለውጥ ያንኑ ክፍል ሳይነካው ያልፋል። ከ2003 እስከ 2006 በተሠሩት ሩቢኮኖች ላይ ያለው የፊት ዳና 44 በመሐሉ ከእርስዎ አክስል በእርግጥ ይበልጣል፦ የኮሮናው (በዲፈረንሻሉ ውስጥ ያለው ትልቁ ማርሽ) ስፋት ከ7.2 ኢንች ገደማ ወደ 8.5 ኢንች ያድጋል፣ የውስጠኛው ዘንግ ጥርስም ከ27 ወደ 30 ከፍ ይላል። ከቱቦው ጫፍ ወደ ውጭ ያለው ግን፣ ማለትም ከመሪው ጋር የሚዞረው ናክል፣ ቦል ጆይንቱ፣ ሞዞው ከነኩሽኔታው፣ እንዲሁም ክሮቸራው ራሱ፣ መጠኑ ከዳና 30 ጋር አንድ ነው። ስለዚህ ብዙ ገንዘብ አውጥተው አክስሉን ካስቀየሩ በኋላ እዚያው ቋጥኝ ላይ መሪውን እስከ ጥግ ጠምዝዘው ነዳጅ ቢሰጡ፣ ያው ክሮቸራ በዚያው ቦታ ሊሰበር ይችላል።

ክሮቸራ ቀጥ ባለ ጊዜ ብዙ ጉልበት ይሸከማል። መሪው ወደ አንድ ጎን እየዞረ ሲሄድ ግን ሸክሙ በእኩል መከፋፈሉ ይቀርና፣ የዘንጉ ጆሮዎች በየዙሩ ይበልጥ ወደ ውጭ ለመከፈት ይገደዳሉ፤ ጆሮው ጥቂት ሲከፈት የክሮቸራው ቆብ ይንሸራተታል፣ ቆቡ ሲወጣ መስቀሉ ይሰበራል። የተሰበረው ዘንግ እጅዎ ላይ ካለ የቆቡ ቀዳዳ ክብ መሆኑን ወይም ወደ ሞላላነት መለወጡን ይመልከቱ። ሞላላ ከሆነ ዘንጉ አስቀድሞ ሲከፈት ቆይቷል ማለት ነው፤ እንደዚያ ከሆነ የግራውንም ዘንግ አውጥተው ሳያዩ ወደ ተራራ አይመለሱ።

በጎማው ላይ የሚደርሰውን ጉልበት በቁጥር ማየቱ ይጠቅማል። የእርስዎ ካምቢዮ የመጀመሪያ ማርሽ 2.84፣ የትራንስፈር ኬዙ (ጉልበቱን ለፊትና ለኋላ የሚያከፋፍለው ሳጥን) ዝቅተኛ ማርሽ 2.72፣ የዲፈረንሻሉ ደግሞ 3.73 ስለሆነ፣ ሦስቱ ሲባዙ የሞተሩ ጉልበት ወደ 29 እጥፍ አድጎ አክስሉ ጋ ይደርሳል። ለ35 ኢንች ጎማ የሚስማማውን 4.56 ሲያስገቡ ይኸው ቁጥር ወደ 35 ይወጣል። በዚህ ላይ ትልቁ ጎማ ይከብዳል፣ ድንጋይንም አጥብቆ ይይዛል። ቀድሞ ጎማው ተንሸራቶ ይባክን የነበረው ጉልበት አሁን ማምለጫ ስለሚያጣ አክስሉን መፈተን ይጀምራል። ዲፈረንሻል ሎክ ካስገቡ ደግሞ ሁለቱ ጎማዎች ይካፈሉት የነበረው ጉልበት በሙሉ በተያዘው በአንዱ ጎማ ላይ ሊያርፍ ይችላል።

ስለዚህ ምክሬ እንደሚከተለው ነው። በ33 ኢንች ጎማ ለመቆየት ከወሰኑ አክስሉን አይቀይሩ፤ የፊት ዘንጎቹን ብቻ 4340 ከሚባለው የክሮሞሊ ብረት በተሠሩ ይተኩ፣ ቆቦቹም ዙሪያውን በሚይዝ ቀለበት የሚታሰሩ ይሁኑ፣ በቱቦው ጫፍ ላይ ያለው ክብ መያዣም ድጋፍ ብረት ይበየድበት። ወደ 35 ኢንች ለመሄድና የፊት ሎክ ለማስገባት ከቆረጡ ግን ዳና 30 አይበቃም። ማርሹን ወደ 4.56 ወይም 4.88 ስንቀይር ፒኞኑ (ኮሮናውን የሚያዞረው ትንሹ ማርሽ) ጥርሱ እየቀነሰ ራሱም እያነሰ ይሄዳል፤ በዚህ ትንሽ ዲፈረንሻል ላይ ያነሰ ፒኞን ለድንጋይ መንገድ አይታመንም። በዚያ ጊዜ የሩቢኮኑ ዳና 44 ጥሩ መነሻ ነው፤ በመኪናዎ ማሰሪያዎች ላይ ያለ ብየዳ ይገጠማል፣ ስፋቱም ያው ነው፣ ሎክም አብሮት ይመጣል። ነገር ግን ከላይ የጠቀስኳቸው የክሮሞሊ ዘንጎች አብረው መግባት አለባቸው፤ ያለ እነርሱ ሥራው ግማሽ ነው።

ዳና 60ን በተመለከተ፣ ለእርስዎ አጠቃቀም አልመክረውም። ጥንካሬው አያጠራጥርም፤ ኮሮናው 9.75 ኢንች ነው፣ ዘንጉም ባለ 35 ጥርስ ነው። ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚያወጡት ከ2005 ወዲህ ከተሠሩት የፎርድ ኤፍ-250 እና ኤፍ-350 መኪኖች ሲሆን፣ ያ አክስል ከራንግለር በጣም ይሰፋል፣ ጎማው በ170 ሚሊሜትር ክብ ላይ በ8 ብሎን ይታሰራል፣ የእርስዎ ግን በ114.3 ሚሊሜትር ላይ ባለ 5 ነው። እንግዲህ የኋላው አክስልና ቸርኬዎቹ ሁሉ አብረው ይቀየራሉ። የዲፈረንሻሉ እንቁላል (ማርሾቹን የያዘው ቤት) ትልቅ በመሆኑም ከትልቁ ጎማ ያገኙትን ከመሬት የመራቅ ጥቅም በከፊል ይወስድብዎታል። በየቀኑ ወደ ሥራ ለሚነዳና በሰፈር መንገድ ለሚሄድ ቀላል መኪና ይህ ሁሉ ክብደት ከሞላው በታች ሲንጠለጠል አነዳዱን ያበላሻል።

ከፊቱ ይልቅ ያሳሰበኝ ያልጠየቁኝ የኋላው ነው። በጥያቄዎ ላይ ዓይነቱን አልጠቀሱም። ዳና 44 ከሆነ መልካም፤ ዳና 35 ከሆነ ግን ገንዘብዎን በመጀመሪያ እዚያ ላይ ያውሉ። በዚያ አክስል ላይ ዘንጉ እንዳይወጣ የሚይዘው በዲፈረንሻሉ ውስጥ ያለ ትንሽ ሲ ቅርጽ ያለው ቁልፍ ብቻ ስለሆነ፣ ዘንጉ ከተሰበረ ጎማው ከነዘንጉ ከመኪናው ሊወጣ ይችላል። የፊት ዘንግ ሲሰበር መኪናው ይቆማል፤ የኋላው እንዲህ ሲሰበር ግን በአውራ ጎዳና ላይ የሕይወት ጉዳይ ይሆናል። ለማወቅ ሽፋኑን ይመልከቱ፦ የዳና 35 ሽፋን ሞላላ ሲሆን የዳና 44 ማዕዘን ያለው ነው።

ማርሹን በተመለከተ፣ ቀድሞ የነበረውን ፍጥነትና የሞተር ዙር ለመመለስ 35ን ለ30 አካፍለው በ3.73 ሲያባዙ 4.35 ያገኛሉ። በዚህ ቁጥር የሚሸጥ ስለሌለ ወደ ላይ ያለውን 4.56 ይያዙ፤ በኮሎራዶ ከፍታ አየሩ ስስ ሆኖ ሞተሩ ስለሚደክም 4.88 የሚመርጡም አሉ፣ ምርጫቸውም ትክክል ነው። የሩቢኮኑ አክስል በ4.10 ስለሚመጣ እንዳለ ከኋላው 3.73 ጋር አያስሩት። የፊቱና የኋላው ማርሽ ካልተመሳሰለ፣ ፎር ዊል ድራይቩን ባስገቡ ቁጥር ሁለቱ ካርዳኖች እየተጓተቱ ትራንስፈር ኬዙን ይሰብሩታል።

ማርሹን የሚያስገባልዎት ባለሙያ ሥራውን ሲጨርስ የጥርሱን ምልክት እንዲያሳይዎት ይጠይቁት። በኮሮናው ጥርሶች ላይ ቢጫ ቅባት ቀብቶ በሁለቱም አቅጣጫ ሲያዞረው፣ ፒኞኑ የነካበት ቦታ ቅባቱ ተገፍቶ ግልጽ ሆኖ ይታያል፤ ያ ምልክት በጥርሱ መካከል መሆን አለበት እንጂ ወደ አናቱ ወይም ወደ ሥሩ ማዘንበል የለበትም። በሁለቱ ማርሾች መካከል ያለው ክፍተትም ብዙ ጊዜ ከ0.15 እስከ 0.25 ሚሊሜትር ነው፣ ይኸውም በመለኪያ ሰዓት እንጂ በእጅ ስሜት አይታወቅም። ከዚያ በኋላ የመጀመሪያውን 30 ኪሎ ሜትር በቀስታ ነድተው ያቀዝቅዙት፣ እስከ 800 ኪሎ ሜትር ድረስ ምንም አይጎትቱበት፣ በመጨረሻም ዘይቱን ይቀይሩ።

አክስሉ ከገባ በኋላ መኪናው በራሱ ክብደት ቆሞ ካስተሩ (የፊት ጎማው የሚዞርበት መስመር ወደ ኋላ የሚያዘነብልበት ማዕዘን) ይለካ። ፋብሪካው ለዚህ መኪና የሚሰጠው 7 ዲግሪ ገደማ ነው፤ መኪናው ከፍ ሲል የካርዳኑ ማዕዘን እንዲስተካከል ፒኞኑን ወደ ላይ ሲያነሱት ካስተሩ በዚያው ልክ ይቀንሳል፣ ሲቀንስ ደግሞ መሪው በራሱ ወደ ቀጥታ አይመለስም፣ በፍጥነት ላይም መኪናው ይዋልላል። አክስሉን በጎን የሚይዘው ዘንግና የመሪው ዘንግ ከፊት ሆነው ሲመለከቷቸው ትይዩ ካልሆኑ መኪናው ጉድጓድ በመታ ቁጥር መሪው ይጎትትዎታል። የፍሬኑን ቱቦ ለመፈተሽ ደግሞ መኪናውን አንስተው አክስሉን ሙሉ በሙሉ ያንጠልጥሉት፣ መሪውን ግራም ቀኝም እስከ ጥግ ያዙሩት፤ በየትኛውም ጥግ ቱቦው ከተወጠረ ያጥራልና ረጅሙን ይግዙ። የዘንጉ ትልቅ ዳዶም በ237 ኒውተን ሜትር ይጠበቅ፤ ሞዞውን አንድ ላይ አጥብቆ የሚይዘው እርሱ ነውና። በተራራ ላይ ዘንግ ቢሰበር፣ የውጭኛውን አጭር ዘንግ በቦታው መልሰው ዳዶውን ሳያስሩ አንድ ሜትርም አይንዱ።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ነኝ። ወደ አፋር የምንመላለስበት ባለ 4.2 ሊትር ናፍጣ ላንድክሩዘር 78 አለን። መሪው እስከ ጥግ ሲዞር ከፊት ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ይሰማል፣ በጎማው የውስጥ ጎንም ዘይት ይታያል። ከጭነት መኪና የወጣ ጠንካራ የፊት አክስል ብናስገባ ይሻላል የሚሉን አሉ።

መልስ፦ አይቀይሩት። የመኪናችሁ የፊት አክስል ለአፋር አሸዋና ድንጋይ በቂ ነው፤ የገለጻችሁት ምልክት የድክመት ሳይሆን የአገልግሎት ማነስ ምልክት ነው። በናክሉ ውስጥ ያለው የዘይት ማገጃ ጎማ ሲያረጅ የዲፈረንሻሉ ዘይት ወደ ናክሉ ይገባና፣ ዘንጉን ከሞዞው ጋር የሚያገናኘው ባለ ኳስ መጋጠሚያ የተሞላበትን ግሪስ አቅጥኖ ያፈሰዋል። ያለ ግሪስ የሠራ መጋጠሚያ ኳሶቹ የሚሮጡበትን መስመር ይቦረቡሩታል፤ የምትሰሙት ቀጭታ እርሱ ነው።

ሁለቱንም ጎን አስፈቱ። የማገጃ ጎማዎቹ፣ የናክሉ የላይና የታች ኩሽኔታዎች፣ የሞዞው ኩሽኔታዎችም ይቀየሩ፤ መጋጠሚያው በነዳጅ ታጥቦ ሲደርቅ መስመሩ ላይ ጥፍር የሚይዝ ጉድጓድ ካለ እርሱም ይተካ። ግሪሱ ሞሊብዲነም ያለበት ይሁን፣ እስኪሞላም ድረስ በእጅ ይጠቅጠቅ። ዕቃው ሶማሌ ተራ ይገኛል፤ በምትገዙበት ጊዜ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱና የጥርሱን ብዛት አስተያዩ፤ እ.ኤ.አ. ከ1999 በፊት የተሠሩት የዚህ ቤተሰብ መኪኖች የፊታቸው ባሌስትራ፣ ከዚያ ወዲህ ያሉት ደግሞ ሞላ በመሆኑ የአንዱ ዕቃ ለሌላው ላይሆን ይችላል።