ራግቢ ሳልጫወት በራግቢ ሥራ አገኛለሁ ወይ?

ሰላም እህቴ፣

ከካርዲፍ የጻፍሽልኝ ደርሶኛል። 17 ዓመትሽ ነው፤ ከአዲስ አበባ ወደ ዌልስ የሄድሽው ልጅ ሆነሽ ነው፤ የምትኖሩት ግሬንጅታውን ነው። ትምህርት ቤትሽ ውስጥ ትንንሾቹ ራግቢ ሲለማመዱ ታግዣለሽ፤ ሥራውንም ወደሽዋል። ካርዲፍ ሜትሮፖሊታን ዩኒቨርሲቲ ገብተሽ የስፖርት አሰልጣኝነት መማር ታስቢያለሽ። እናትሽ ደግሞ «ነርስነት ተማሪ፣ ኳስ እንጀራ አይሆንም» ይሉሻል። አንቺም «ራግቢ ተጫውቼ አላውቅም፤ ጨዋታውም የእኛ አይደለም» ብለሽ ፈርተሻል።

ከመጨረሻው ልጀምር። ቢሊ ቦስተን እ.ኤ.አ. በ1934 የተወለደው ከሰፈራችሁ አጠገብ፣ ቡትታውን ነው። የአባቱ አገር ሴራሊዮን ነው። ወደ ሰሜን እንግሊዝ ሄዶ በራግቢ ሊግ (በ13 ተጫዋች በሚሰለፉበት የራግቢ ዓይነት) የዊጋን ክለብ ጀግና ሆነ። ክላይቭ ሰሊቫንም ጥቁር የካርዲፍ ልጅ ነው፤ በ1972 የታላቋ ብሪታንያን ቡድን በአምበልነት መርቶ የዓለም ዋንጫ አንስቷል። የሁለቱ ሐውልት ከሌላው የካርዲፍ ራግቢ ሊግ ጀግና ከገስ ሪስማን ጋር ከ2023 ጀምሮ ካርዲፍ ቤይ ቆሟል። ከግሬንጅታውን በእግር ይደረሳል፤ ሄጂና እዪው። ካርዲፍ ውስጥ ራግቢ ከጥንትም የስደተኛ ልጅ ጨዋታ ነው። ስለዚህ «የእኛ አይደለም» የሚለውን ሐሳብ ከጭንቅላትሽ አውጪው።

ወደ ሥራው ልምጣ። በራግቢ ደመወዝ የሚያገኘው ተጫዋች ብቻ አይደለም። ልጆችን ሜዳ ላይ የሚያመጣ፣ ትምህርት ቤትን ከክለብ የሚያገናኝ፣ ወላጅ የሚያሳምን ሰውም ያስፈልጋል። የካርዲፍ ከተማ ምክር ቤት ከ2014 ጀምሮ የስፖርት ልማት ሥራውን የሚሠራው ከካርዲፍ ሜትሮፖሊታን ዩኒቨርሲቲ ጋር ተጣምሮ ነው። «ስፖርት ካርዲፍ» የሚባለው ቡድን የዚህ ሽርክና ውጤት ነው። ዩኒቨርሲቲው ሜዳና አዳራሽ አለው፤ መምህርም አለው፤ ከሁሉም በላይ ልምምድ የሚፈልጉ ተማሪዎች አሉት። ከተማው ደግሞ አሰልጣኝ ያጡ ትምህርት ቤቶችና ሰፈሮች አሉት። የዌልስ ራግቢ ዩኒየንም በዚያው ዓመት ትምህርት ቤቶችና ኮሌጆች ውስጥ ሠራተኞች መመደብ ጀመረ፤ ወጪውን ተቋሙና ዩኒየኑ ይጋሩታል። አንቺ የምትመኚው ዓይነት ሥራ ማለት ይኼ ነው።

የሚከብደውንም ልንገርሽ። እንዲህ ያለ ሥራ ብዙ ጊዜ በኮንትራት ነው፤ በጀት ሲቀንስ ሰው ይቀነሳል። ጀማሪዎች በሰዓት እየተከፈላቸው፣ ማታና ቅዳሜና እሁድ ነው የሚሠሩት። እናትሽ የሚፈሩት ይህንን ከሆነ ፍርሃታቸው ትክክል ነው።

ግን አንቺ ጋ ሌሎቹ አመልካቾች የሌላቸው ነገር አለ። በዌልስ የታዳጊዎች ራግቢ በአብዛኛው እሁድ ጠዋት ነው። እሁድ ጠዋት የእኛ ልጅ የት ነው? ቅዳሴ ላይ። ክለቡ ልጆቹ ሲቀሩ «ፍላጎት የላቸውም» ብሎ ያልፋል። ችግሩ ሰዓቱ እንደሆነ የሚነግረው የለም። በሳምንቱ መሀል፣ ከትምህርት በኋላ ልምምድ ቢኖር ይመጡ ነበር። በዐቢይ ጾም እስከ ቀትር ምንም ያልቀመሰ ልጅ እንዳለም አሰልጣኙ ካላወቀ ልጁ ሲደክም «ሰነፍ» ይለዋል። ይህን የምታውቂው አንቺ ነሽ። በቃለ መጠይቅ ላይ ከራግቢ ሕግ በፊት ይህንን ንገሪያቸው።

እናቶችን ማሳመንም ይጠበቅብሻል። አብዛኞቹ ራግቢን የሚያውቁት በቴሌቪዥን ነው፤ ግዙፍ ወንዶች ሲጋጩ። ትንንሾቹ የሚጫወቱት ሌላ ነው። ልጁ ወገቡ ላይ ቀበቶ ያስራል፤ በግራና በቀኝ ሁለት ሪባን ይንጠለጠላል። ተጋጣሚው የሚነጥቀው ሪባኑን ነው፤ ልጁን አይጥለውም። ሪባኑ የተነጠቀበት ልጅ ኳሱን ወደ ጎን ወይም ወደ ኋላ ያቀብላል፤ ሪባኑ ይመለስለትና ጨዋታው ይቀጥላል። ለእናቶቹ ከምታወሪላቸው ይልቅ ቀበቶውን አሳዪያቸው፤ በእጃቸው ይንኩት።

ከፍ ሲሉ ግን መጣጣሉ ይመጣል፤ አደጋ የለውም ብለሽ እንዳትዋሺ። የአንጎል መናወጥ እውነተኛ ነገር ነው። በብሪታንያ ከ2023 ወዲህ ያለው መመሪያ ግልጽ ነው፤ ጥርጣሬ ካለ ልጁ ከሜዳ ይወጣል፣ ቢያንስ 21 ቀን ሳይሞላውም ወደ ግጥሚያ አይመለስም። ይህን በቃልሽ የምታውቂ ከሆነ እናቶች ያምኑሻል።

አሁን ምን ታደርጊ? የዓለም ራግቢ ማኅበር በኢንተርኔት ነጻ ኮርሶች አሉት፤ የደኅንነቱንና የጭንቅላት ጉዳቱን ኮርስ ጨርሺ። ከልጆች ጋር ለመሥራት ዲቢኤስ የሚሉት የወንጀል ማጣሪያ ያስፈልጋል፤ ለበጎ ፈቃደኛ ክፍያ የለውም፣ ክለቡ ያስጨርስልሻል። ቡትታውን ውስጥ ከጦርነቱ በኋላ የተመሠረተ፣ ከየአገሩ የመጡ ልጆች የተጫወቱበት አንጋፋ ክለብ አለ፤ እሱን ጠይቂ። አንቺም መጫወት ሞክሪ። ጥሩ ተጫዋች ባትሆኚም ኳስ ይዘሽ ስትወድቂ የልጁ ፍርሃት ይገባሻል።

ነርስነቱን በሚመለከት እናትሽ አንድ ከባድ ነጥብ አላቸው። በዌልስ ብቁ ሆኖ የተገኘ የነርስነት ተማሪ፣ ከተመረቀ በኋላ ሁለት ዓመት እዚያው ለመሥራት ከፈረመ የትምህርት ክፍያው ይሸፈንለታል። ቀላል ነገር አይደለም። ሁለቱንም በአንድ የዩኒቨርሲቲ ማመልከቻ ልሙላ ብትዪ ግን ትጎጃለሽ፤ ማመልከቻው እስከ አምስት ምርጫ ቢፈቅድም ለሁሉም የሚሄደው ስለ ራስሽ የምትጽፊው ጽሑፍ አንድ ስለሆነ፣ ስለ ሁለት ሙያ የሚያወራ ጽሑፍ ሁለቱንም ያደክማል። መወሰን ያለብሽ ከመጻፍሽ በፊት ነው።

እኔ ብሆን የብርዱን ወራት ሜዳ ላይ አሳልፍ ነበር። የካርዲፍን ዝናብ ታውቂዋለሽ። በጥቅምትና በኅዳር ጭቃ ውስጥ፣ ልጆቹ እያለቀሱ፣ ወላጅ እየዘገየ፣ አንቺ አሁንም ደስ እያለሽ ከመጣሽ አሰልጣኝነቱን ያዥ፤ ለእናትሽም እኔው ራሴ እነግርልሻለሁ። ካላስደሰተሽ ነርስነቱ ያዋጣሻል፣ ልጆቹንም በትርፍ ጊዜሽ ታግዣለሽ።

በዚህ ሳምንት ለስፖርት ካርዲፍ ኢሜይል ላኪ። አጭር ይሁን፤ ማን እንደሆንሽ፣ የትኞቹን ልጆች ልታመጪ እንደምትችዪ፣ አማርኛ እንደምትናገሪ፣ በሳምንት የትኞቹ ቀናት እንደሚመቹሽ ብቻ። መልስ ሲሰጡሽ ጻፊልኝ፤ ማመልከቻውን አብረን እናየዋለን።