«ከልጅነቴ ጀምሮ ሕልሜ ነበር» ማለት ግዴታ አይደለም

እህቴ፣ መልእክትሽ ደርሶኛል። ሌላው አንባቢም እንዲከተለን ባጭሩ ላስቀምጠው። ባሕር ዳር ነው ያለሽው፤ ፍሬሽማን ነሽ፣ ናቹራል። በቅርቡ ዲፓርትመንት ትመርጫለሽ። ልብሽ ወደ ባዮሎጂ ወይም ወደ ዓሣ ሀብት ትምህርት ያደላል፤ ግን ጓደኞችሽ ሁሉ «ሳይንቲስት መሆን የልጅነት ሕልሜ ነው» ሲሉ አንቺ እንደዚያ ያለ ሕልም ስለሌለሽ «ምናልባት ለዚህ አልተፈጠርኩም» ብለሽ ሰግተሻል። እናትሽ ደግሞ ጤና እንድትማሪላቸው ይፈልጋሉ።

መጀመሪያ ስጋቱን እንፍታው። የልጅነት ሕልም የሚባለው ነገር ጥሩ ነው፣ ግን ብዙ ሰው ወደ ሳይንስ የገባው በሌላ በር ነው። ፕሮፌሰር ሰገነት ቀለሙን ውሰጂ። ሩቅ አገር ሰው አይደሉም፤ የፍኖተ ሰላም ገበሬ ልጅ ናቸው። አንበጣ መጥቶ ሰብሉን ጠርጎ ሲበላ በልጅነታቸው አይተዋል፣ ወደ እርሻ ሳይንስ የገፋቸውም ያ ቁጭት ነው። በኋላ ናይሮቢ ያለውን ዓለም አቀፍ የነፍሳት ምርምር ማዕከል እስከመምራት ደርሰዋል። ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ ደግሞ ኮሌጅ ሳሉ አስተማሪያቸው ከአንድ የማሽላ ተመራማሪ ጋር አስተዋወቋቸው፣ አብረው ኢትዮጵያ ውስጥ እየዞሩ የማሽላ ዝርያ ሰበሰቡ፣ በዚያው ቀሩ። አቀንጭራ የሚባለውን ጥገኛ አረም የሚቋቋም ማሽላ አውጥተው እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኙት እሳቸው ናቸው።

የኔ ተወዳጅ ግን የዶክተር አክሊሉ ለማ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ቢልሃርዚያን ያጠኑ ነበር። የበሽታው ተውሳክ በውኃ ውስጥ ቀንድ አውጣ ላይ እንደሚራባ ታውቂያለሽ። ወንዝ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ያጥባሉ፤ እሳቸው አረፋው ወደሚወርድበት በኩል ሲያዩ ቀንድ አውጣዎቹ ሞተዋል። እንዶድ ስንት ዘመን ልብስ ሲታጠብበት ኖሯል፣ በዚያ ወንዝ ስንት ሰው አልፏል! እሳቸው ቆም ብለው «ለምን እዚህ ብቻ?» አሉ። እንዶድ ቀንድ አውጣን እንደሚገድል ለዓለም ያሳወቀው ጥናት የተነሳው ከዚያ ነው።

አሁን ወደ አንቺ ልመለስ። መልእክትሽ መጨረሻ ላይ እግረ መንገድሽን የጻፍሽው ነገር አለ፦ አክስትሽ ዓሣ ሲሸጡ ታግዣቸዋለሽ፣ ስትበልቺ የነጭ ዓሣውን ሆድ ከፍተሽ ምን እንደበላ ታያለሽ፣ አንዳንዱ ሆድ ውስጥ ትንንሽ ዓሣ ታገኛለሽ፣ አክስትሽም «ሥራ አታስፈቺኝ» ይሉሻል። እኔ ከደብዳቤው ሁሉ ይህችን ነው ደጋግሜ ያነበብኳት።

ያየሽው ነገር ቀላል እንዳይመስልሽ። እስኪ ቀጥሎ ስታገኚ የነጭ ዓሣውን አፍ ከፍተሽ ጣትሽን አስገቢ፤ መንጋጋው ላይ ጥርስ የለም። ጥርሱ ያለው ወደ ውስጥ፣ ጉሮሮው ላይ ነው። አፋቸው እንዲህ ስለሆነ የዚህ ወገን ዓሦች በሌላው ዓለም ሌላ ዓሣ አድነው የሚበሉት ከስንት አንድ ነው። ጣና ላይ ግን የሐይቁ ብቻ ከሆኑት ወደ 15 የሚጠጉ የነጭ ዓሣ ዝርያዎች ስምንቱ ዓሣ ይበላሉ። ለምን? አንዱ ምክንያት ጢስ ዓባይ ነው። ፏፏቴው ከታች የሚመጣ ዓሣ ወደ ሐይቁ እንዳይወጣ ስለዘጋ፣ ታች ዓባይ ላይ ያለው ትልቁ አዳኝ የናይል ፐርች እዚህ የለም፤ ቦታው ክፍት ሲሆን ነጭ ዓሣው ያዘው። አንዱ አፉ ወደ ላይ ይከፈታል፣ አንዱ ወደ ታች፣ አንዱ ከንፈሩ ወፍራም ነው። ሳይንቲስቶች በአንድ ወቅት ሁሉንም እንደ አንድ ዝርያ ነበር የሚቆጥሯቸው፤ የተለያዩ መሆናቸው በደንብ የታየው በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ነው። አንቺ በቢላ የምትከፍቺው ሆድ የዚያው ጥያቄ አካል ነው። ማንም ሳያዝሽ፣ እየተቆጡሽም ቢሆን መክፈትሽ ለኔ ከማንኛውም የልጅነት ሕልም ይበልጥብኛል።

ግን ልዋሽሽ አልፈልግም። የሚያስገባው ነገርና የሚያቆየው ነገር ይለያያል። የዓሣ ጥናት ማለት በአብዛኛው መመዘን፣ መለካት፣ መጻፍ፣ ነገም ያንኑ መድገም ነው። ሥራውም እንደ ልብ አይገኝም፤ በባዮሎጂ ዲግሪ ብቻ ወጥቶ የተቀመጠ ሰው አውቃለሁ። ስለዚህ ከገባሽበት ከስታትስቲክስ አትሽሺ፣ ኮምፒውተር ላይ ዳታ መተንተን ተማሪ፣ ውጤትሽንም ጠብቂ፣ ማስተርስ መቀጠልሽ አይቀርምና።

እናትሽን በተመለከተ፣ አትጣያቸው። እሳቸው የፈሩት ልጄ ሥራ ታጣለች ብለው ነው፣ ፍርሃቱም እውነት አለው። ጤናም ቢሆን ሳይንስ ነው፤ የጣና ዳር ቢልሃርዚያ አሁንም አላለቀም፣ የምትወጂው ጥያቄ በዚያ በኩልም ሊያገኝሽ ይችላል። ዋናው ነገር ሳታዪ አትምረጪ።

እዚያው ባሕር ዳር የዓሣና ሌሎች የውኃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል አለ። ፎርም ከመሙላትሽ በፊት ሂጂና ከሚሠሩት አንዱን አናግሪ። «ሳይንስ ለምን መረጡ?» ብለሽ አትጠይቂ፣ ለእሱ ሁሉም የተዘጋጀ መልስ አለው። «ባለፈው ማክሰኞ ከጠዋት እስከ ማታ ምን ሲሠሩ ዋሉ?» በያቸው። መልሱን ሰምተሽ «ይሄንንስ እኔም ብውልበት አይሰለቸኝም» ካልሽ፣ አንደኛ ምርጫ አድርገሽ ሙዪው።