መልስ፦ አስፈሪ ፊልም ከፍቅርና ከሳቅ ጋር ይዋሃዳል ወይ?

ወንድሜ፣ ደሴ ላይ በትንሽ ገንዘብ ልትሠራው ያሰብከው አስፈሪ ፊልም ፍቅርም ሳቅም ቢኖረው ተመልካቹ ግራ ይጋባል ወይ ብለህ ጠይቀሃል። አይጋባም፤ ብቻ ፍርሃቱን ፍቅሩ ራሱ ይውለደው። ለምሳሌ እናትየው ለልጇ ቡና እያፈላች ነው። ልጁ ከተቀበረ ሰባተኛ ቀኑ ነው፤ እሷ ግን የእሱን ሲኒ ትቀዳለች። ካሜራህን ከሲኒው ላይ አታንሣ። ቡናው ሲጎድል እናያለን፤ የጠጣውን አናይም። እዚህ ላይ ናፍቆቱና ድንጋጤው አንድ ናቸው።

ሳቁን ከፍርሃቱ ቀደም አድርገው። በጨዋታ አዋቂ ጎረቤት የሳቀ ተመልካች ልቡን ይከፍታል፤ የተከፈተ ልብ ደግሞ በቀላሉ ይደነግጣል።

ገንዘብህን ከካሜራ ይልቅ ድምፅ ላይ አውጣ። የደበዘዘ ምስል ይታገሡልሃል፣ የሻከረ ድምፅ ግን ፊልሙን ይገድለዋል። ጉሙን የጦሳ ተራራ በነፃ ይሰጥሃል፤ በክረምት ማለዳ ተነሥ። ሙዚቃም ሩቅ አትፈልግ፤ ባቲና አምባሰል የወሎ ቦታዎች ስም የያዙ ቅኝቶች ናቸው። በፍቅሩ ትዕይንት አንድ የአምባሰል ዜማ በማሲንቆ አሰማን፤ በኋላ ባዶው ቤት ውስጥ ያንኑ ዜማ ጀምረህ መሀል ላይ አቋርጠው።

አደራህን፣ ቡዳን ጭራቅ አድርገህ አትሣል። በዚህ ስም ስንት ሰው ከጎረቤቱ ተገልሏል። ሐይቅ ከተማ ሄደህ ለመቅረጽ ካሰብክ ደግሞ የእስጢፋኖስ ገዳም ሴቶችን አያስገባም፤ የተዋናይቷን ትዕይንት ከሐይቁ ውሃ ዳር አድርገው።