የድሮ ኦሲሎስኮፕ ፕላግ-ኢን አምፕሊፋየር ጥገና፦ ጥያቄና መልስ

ስለ ቴክትሮኒክስ ኦሲሎስኮፕ (የኤሌክትሪክ ምልክትን በስክሪን የሚያሳይ መለኪያ) ፕላግ-ኢኖች፣ ማለትም ስለሚሰኩና ስለሚነቀሉ የአምፕሊፋየር ክፍሎቹ፣ የላካችኋቸው ጥያቄዎች ብዙ ናቸው። የተመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ 7ኤ18 (የ7000 ተከታታይ ፕላግ-ኢን) ስሰካ ኦሲሎስኮፑ ይጠፋና ቲክ ቲክ ይላል። ስነቅለው ደህና ይሠራል። ፓወር ሰፕላዩ ሞቶ ይሆን?

አልሞተም፤ ራሱን እየተከላከለ ነው። ፕላግ-ኢኑ ውስጥ አንድ የኃይል መስመር ሾርት አድርጓል (ከግራውንድ ጋር በቀጥታ ተገናኝቷል)። እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው ታንታለም ካፓሲተርን ነው፤ ሲያረጅ ሾርት ማድረግ ይወዳል። ፕላግ-ኢኑን ነቅለህ የ+15፣ -15፣ +50፣ -50 እና +5 ቮልት መስመሮችን ከግራውንድ ጋር በኦም ለካ። ከሌሎቹ በጣም ዝቅ ያለው መስመር ላይ ፈልግ። አዲሱን ስትገጥም ፖላሪቲውን (የ+ እና የ- ጎኑን) አትሳት።

ጥያቄ፦ ምልክቱን የሚያሳየው የብርሃን መስመር ከስክሪኑ ወጥቶ ቀረ። በፖዚሽን ማዞሪያው አልመለስ አለኝ። ከየት ልጀምር?

ቆንጆ ጥያቄ ነው። በቅድሚያ ፕላግ-ኢኑን ነቅለህ ኦሲሎስኮፑ ላይ ወዳለ ሌላ መሰኪያ ቦታ አዛውር። ችግሩ አብሮት ከሄደ ዋናውን ኦሲሎስኮፕ ተወው።

አምፕሊፋየሩ ግራና ቀኝ ሁለት ተመሳሳይ ጎን አለው። ምልክት ሳይገባ የሁለቱ ቮልቴጅ እኩል ሊሆን ይገባል። ስለዚህ በአጭር ሽቦ ሁለቱን ጎን አገናኝ፤ ከመውጫው ጀምረህ ወደ መግቢያው ሂድ። ስታገናኝ መስመሩ ወደ መሃል ከመጣ፣ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ጤነኛ ነው። አንድ ደረጃ ወደኋላ ተመለስና ድገም። መምጣቱን ያቆመበት ቦታ እና ከዚያ በፊት የነካኸው ቦታ መካከል ነው ብልሽቱ።

ቤዝን (የትራንዚስተሩን መቆጣጠሪያ እግር) ከቤዝ ብቻ አገናኝ። ሽቦው አንሸራትቶህ የኃይል መስመር ከነካ ጤነኛውንም ታቃጥላለህ።

ትራንዚስተሮቹ ሶኬት ላይ ከሆኑ የግራውንና የቀኙን አቀያይር፣ መጀመሪያ ግን አጥፋ። መስመሩ ወደ ተቃራኒው ጫፍ ከሸሸ ሌባው ተይዟል። አንዳንዴ ነቅሎ መልሶ መሰካቱ ብቻ ያድነዋል፤ የሶኬቱ እግሮች ኦክሳይድ ይይዛሉ።

ጥያቄ፦ የቮልት በዲቪዥን ማዞሪያው አንዳንድ ቦታ ላይ ይቆራረጣል። ስፕሬይ ልንፋበት?

እባክሽ ተይው! የ7000ዎቹ ኮንታክቶች ስስ ናቸው። አይሶፕሮፒል አልኮል የነካ ቀጭን ወረቀት በኮንታክቱ መሃል አስገቢ፣ ዝጊውና በቀስታ ሳቢው። ጥጥ አይሆንም፤ ክሩ እዚያው ይቀራል።

ጥያቄ፦ የ540 ተከታታይ ኦሲሎስኮፖች ዘመን ባለ ቫልቭ (ባለ ቫኩም ቱቦ) ፕላግ-ኢን አለኝ። በማንኛውም ሶልደር መሥራት ይቻላል?

ሴራሚክ ስትሪፖቹ (ሽቦዎቹ የሚበየዱባቸው የሴራሚክ ዘንጎች) ላይ አይቻልም። 3% ገደማ ብር ያለበት ሶልደር ተጠቀም። ተራው ሶልደር ሴራሚኩ ላይ ያለውን ብር እየበላ ያላቅቀዋል። እዚያ ውስጥ እስከ 350 ቮልት ይገባል፤ አጥፍተህ፣ ካፓሲተሮቹ የያዙት ኤሌክትሪክ ማለቁን ለክተህ ንካ።

ጥያቄ፦ ቫልቮቹን ሁሉ በአዲስ ልቀይር?

የሚሠራውን አትንካ። መግቢያው ላይ ያሉት ጥንዶች የተመጣጠኑ ሊሆኑ ይችላሉ። የብዙዎቹ ሂተር (የቫልቩ ማሞቂያ ክር) በተከታታይ የተያያዘ ስለሆነ አንዱ ሲቋረጥ የሰንሰለቱ ሁሉ ይጠፋል። የተቋረጠውን በኦም ትለየዋለህ።

ጥያቄ፦ ትሪመሮቹንስ (በካቻቪቴ የሚዞሩትን ትናንሽ ማስተካከያዎች) መቼ ነው የማስተካክለው?

መጨረሻ ላይ። ብልሽት እያለ ካቻቪቴ ይዘህ ትሪመር ካዞርክ ችግሩን ሸፈንከው እንጂ አልጠገንከውም። ጥገናው ሲያልቅ 1 ኪሎኸርዝ ስኩዌር ዌቭ (አራት ማዕዘን ሞገድ) አስገባና ጠርዙ እስኪስተካከል በየአቴኑዌተሩ (ምልክት መቀነሻው) ደረጃ ቀስ እያልክ አስተካክል።