ፕሮፎርማ ከመሰብሰብ በፊት ያለው ሥራ

ጥያቄ፦ በሎጂስቲክስና አቅርቦት ማኔጅመንት ተመርቄ አዳማ በሚገኝ የምግብ ፋብሪካ በግዥ ሠራተኝነት ሦስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ውሎዬ ሦስት ፕሮፎርማ ሰብስቦ ዝቅተኛውን ዋጋ ለኃላፊዬ ማቅረብ ብቻ ሆኗል። በሙያው ለማደግ ሁለተኛ ዲግሪ ልጀምር ወይስ ወደ መንግሥት መሥሪያ ቤት ልዛወር?

መልስ፦ ሁለቱም በጊዜያቸው ይደርሳሉ። ከዚያ በፊት ግን አሁን በያዙት ወንበር ላይ ሆነው ገና ያልጀመሩት ሥራ አለ። ፕሮፎርማ የሚሰበሰበው የሚገዛው ዕቃ ከታወቀ በኋላ ሲሆን፣ ገንዘብ የሚድነውም የሚባክነውም ግን አብዛኛውን ጊዜ ቀደም ብሎ፣ ጠያቂው ክፍል የሚፈልገውን ዕቃ ዝርዝር በሚጽፍበት ሰዓት ነው።

እኔ ይህን የተማርኩት በራሴ ስሕተት ነው። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት «የፎቶ ኮፒ ወረቀት፣ ኤ4» የሚል የግዥ መጠየቂያ ደረሰኝና እንዳለ ለአቅራቢዎች በተንኩት። ዝቅተኛ ዋጋ የሰጠው አሸነፈ፤ ወረቀቱም በሞዴል 19፣ ማለትም በዕቃ መቀበያ ደረሰኝ፣ ገቢ ሆነ። በሳምንቱ የማባዣ ክፍሏ ኃላፊ አንድ እሽግ ይዘው መጡና አንዷን ሉህ በመስኮቱ ብርሃን ላይ ዘርግተው አሳዩኝ፤ የጣቶቻቸው ጥላ ከበስተጀርባዋ ይታይ ነበር። የለመድነው በካሬ ሜትር 80 ግራም የሚመዝን፣ የመጣው 70 ግራም ነበር፤ ማሽኑም ሁለት ሁለት ሉህ እየሳበ ይቆም ነበር። አቅራቢው አላታለለንም፤ ክብደቱን ያልጻፍነው እኛ ነን።

በእርስዎ ፋብሪካም የማሸጊያ ፕላስቲኩ ውፍረት በማይክሮን (በሚሊ ሜትር አንድ ሺሕኛ) ካልተጻፈ ተመሳሳይ ነገር መድረሱ አይቀርም። ስለዚህ በሳምንት አንድ ቀን ከቢሮ ወጥተው የማሽን ኦፕሬተሮቹንና የግምጃ ቤት ሠራተኛውን የትኛው ዕቃ እንደሚያስቸግራቸው ይጠይቁ፤ የሰሙትንም በሚቀጥለው የዋጋ መጠየቂያ ላይ በቁጥር ያስፍሩት።

ቀጥሎ ዋጋን ማነጻጸር ይማሩ። ከውጭ ለሚገባ ዕቃ አንዱ አቅራቢ ጅቡቲ ድረስ፣ ሌላው ሞጆ ደረቅ ወደብ ድረስ ዋጋ ከሰጡ ሁለቱ አኃዞች ጎን ለጎን ሊቀመጡ አይችሉም፤ የመጀመሪያው ከጅቡቲ ወዲህ ያለውን ማጓጓዣ አይጨምርምና። በሲ.አይ.ኤፍ. ውል ሻጩ የባሕር ማጓጓዣና መድን ይከፍላል፤ ሆኖም ዕቃው በመነሻው ወደብ መርከብ ላይ ከተጫነ በኋላ በመንገድ ለሚደርስበት ጉዳት ተጠያቂው ገዥው ነው፤ ይህን ዓመታት የሠሩ ባልደረቦቼ ሳይቀሩ ሲስቱት አይቻለሁ። ዋጋው ጸንቶ የሚቆይበትን ቀንም አይለፉት፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲመራ ሲደረግ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል።

ወደ መንግሥት ቤት መዛወሩን ካሰቡበት፣ የቀድሞውን 649/2001 የተካውን የፌዴራል መንግሥት ግዥና ንብረት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1333/2016 አስቀድመው ያንብቡ፤ በኤሌክትሮኒክ የግዥ ሥርዓት መሥራትም ይጠበቅብዎታል። ከማስተርሱ ይልቅ እኔ የማደላው ዋና መቀመጫው እንግሊዝ አገር የሆነው የግዥና አቅርቦት ባለሙያዎች ተቋም፣ ሲፕስ (CIPS)፣ ደረጃ በደረጃ ወደሚሰጠው የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ነው፤ ትምህርቱ ከዕለት ሥራዎ ጋር ይገጥማል፣ በሌላ አገር ለመሥራት ቢያስቡም ይታወቅልዎታል።

አንድ ነገር ግን ከልቤ አደራ እላለሁ። አቅራቢ ለበዓል ስጦታ ሲልክልዎ፣ ትንሽም ቢሆን በዕለቱ ይመልሱና ለኃላፊዎ በጽሑፍ ያሳውቁ። ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበውን ሲጥሉም ምክንያቱን በቃለ ጉባኤው ላይ ቁልጭ አድርገው ያስፍሩ፤ ኦዲተሩ ከሦስት ዓመት በኋላ ያንን ፋይል ሲከፍት እርስዎ በአጠገቡ ቆመው ላያስረዱት ይችላሉ።