ጡረታው 8 ዓመት ለቀረው የኮምቦልቻ ወንድማችን

ሰላም ወንድም ዓለም። ጥያቄህን ትናንት አይቼ ዝም ያልኩት ንቄህ አይደለም፤ በሁለት መስመር የሚመለስ ስላልሆነ ነው። ላላያችሁት፦ ወንድማችን 52 ዓመቱ ነው። ከ1998 ጀምሮ ኮምቦልቻ በአንድ የግል ፋብሪካ ይሠራል። መደበኛ ደመወዙ 12 ሺህ ብር ነው፤ አበልና ትርፍ ሰዓት ሲደመር 15 ሺህ ይደርሳል። ባለቤቱ ትንሽ ሱቅ አላት። አባቱ 80ን አልፈው ደሴ፣ ሸዋ በር አካባቢ ብቻቸውን ይኖራሉ። እህቱ ጂዳ ናት፣ ወንድሙ አዲስ አበባ። እጁ ላይ 400 ሺህ ብር አለ። «በ57 ዓመቴ ወጥቼ ሱቁን ላግዝ? ብሩን ቤት ልሥራበት ወይስ ባንክ ይቀመጥ? አባቴንስ ወደ ኮምቦልቻ ላምጣቸው?» ነው የሚለው።

እኔ ኮምቦልቻ በፋብሪካ የሰው ኃይል ክፍል ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ነኝ። ቤቴ ደሴ ነው፤ አማቴንም እስከ መጨረሻቸው ያስታመምኳቸው እዚሁ ነው። ከወረቀት ብጀምር አትፍረድብኝ፣ ዕድሜዬን ያሳለፍኩት ከፋይል ጋር ነው።

ብሩን ለጊዜው ተወውና መጀመሪያ የግል ማህደርህን አስወጥተህ እይ። ጡረታ ሊወጣ ወር የቀረው ሰው ቢሮ መጥቶ «ይህን ያህል ዓመት ለፍቻለሁ» ይላል፤ ማህደሩ ሲገለጥ ሌላ ነገር ያወራል። የግል ድርጅት ሠራተኛ ጡረታ የተጀመረው በ2003 በወጣው አዋጅ 715 ነው፤ አሁን የሚሠራበት የ2014ቱ 1268 ነው። ካንተ 7 ከመቶ ይቆረጣል፣ አሠሪህ 11 ከመቶ ይጨምራል። አንተ የገባኸው በ1998 ነው። እነዚያ ከ2003 በፊት ያሉት ዓመታት በፕሮቪደንት ፈንድ (ሠራተኛው ሲለቅ እንዲወስደው እሱና አሠሪው በሚያጠራቅሙት ገንዘብ) ነበሩ? ገንዘቡ ወደ ጡረታ ዞሯል ወይስ በእጅህ ወስደኸዋል? ወይስ ያኔ ምንም አልነበረም? መልሱ ማህደርህ ውስጥ ነው ያለው።

ልዩነቱን በብር ላሳይህ። ስሌቱ እንዲህ ነው፦ ለመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት የመጨረሻ 3 ዓመት አማካይ ደመወዝህን 30 ከመቶ ታገኛለህ፤ ከዚያ በላይ ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 ከመቶ ይጨመራል፤ ጣሪያው 70 ከመቶ ነው። 60 የምትሞላው በ2026 ነው እንበል። ከ1998 ከተቆጠረልህ 28 ዓመት ነው፣ 52.5 ከመቶ ይሆናል፤ በ12 ሺህ ደመወዝ 6,300 ብር። ከ2003 ብቻ ከተቆጠረልህ 23 ዓመት ነው፣ 46.25 ከመቶ፤ 5,550 ብር። ደመወዝህ እስከዚያ ስለሚጨምር ቁጥሩ ከፍ ይላል፣ መቶኛው ግን ያው ነው።

በ57 ልውጣ ላልከው መልሱም ከዚሁ ማህደር ነው የሚወጣው። ዕድሜው ለጡረታ 5 ዓመትና ከዚያ በታች የቀረው ሰው በፈቃዱ ወጥቶ ወዲያው አበል የሚጀምርለት 25 ዓመት አገልግሎት ካለው ነው። ከ1998 ከተቆጠረልህ 57 ላይ ልክ 25 ትሞላለህ። ከ2003 ከሆነ ግን 20 ብቻ ነው፤ ያኔ ብትለቅ አበሉን የምታየው 60 ስትሞላ ነው። ሦስት ዓመት በሱቅ ገቢ ብቻ ማለት ነው። ስለዚህ ማህደሩ ሳይታይ ለባለቤትህም ቃል እንዳትገባ።

15 ሺህ የምትለውንም እርሳው። አበልና ትርፍ ሰዓት ለጡረታ አይቆጠሩም፤ የሚቆጠረው መደበኛው 12 ሺህ ነው። በየዓመቱ አበል እየጨመረ መደበኛውን ደመወዝ የማይነካ አሠሪ አለ፤ ሠራተኛው ዛሬ ኪሱ ሲሞላ ደስ ይለዋል፣ ጉዳቱን የሚያየው ሲወጣ ነው። የደመወዝ ድርድር ሲመጣ መደበኛው ላይ ተሟገቱ።

ማህደርህ ሲወጣ ስምህን በየወረቀቱ ፊደል በፊደል አመሳክር። እኛ ወሎዎች እዚህ ላይ ጉድ ነን፦ በቅጥር ደብዳቤው «እንድሪስ»፣ በመታወቂያው «ኢድሪስ»፤ አንዱ ጋ «መሐመድ»፣ ሌላው ጋ «ሙሐመድ»። ፋይዳም ባንክም የየራሳቸውን ጽፈዋል። ዛሬ በማመልከቻ የሚስተካከለው ያኔ የፍርድ ቤት ደጅ ያስጠናል። የልደት ዘመን የሚያዘው ደግሞ መጀመሪያ ስትቀጠር ያስመዘገብከው ነው፤ በኋላ የሚወጣ የልደት ካርድ አይለውጠውም። ከደመወዝህ የተቆረጠውም ገቢ መሆኑን ከማኅበራዊ ዋስትና ጽሕፈት ቤት በስምህ አረጋግጥ፤ መቆረጥና ገቢ መሆን ሁልጊዜ አንድ አይደሉም። የሁሉንም ቅጂ ቤትህ አስቀምጥ፣ በስልክህም አንሳው። በ2014 ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ላይ የደረሰውን የምታውቀው ነው፤ ስንት መዝገብ ቤት ወረቀቱ መሬት ላይ ተበትኖ ተገኘ።

ሌላው ባለቤትህ ናት። አንተ ቀድመህ ብታልፍ የምታገኘው የአበልህን 50 ከመቶ ነው፤ ከ5,550 ብሩ 2,775 ማለት ነው። ይህንንም ለማግኘት ሚስትነቷን የሚያሳይ ወረቀት ያስፈልጋል። በኒካሕ ወይም በሽማግሌ ተጋብተው ወሳኝ ኩነት ያላስመዘገቡ ብዙ ናቸው። ሐዘን ላይ ያለች ሴት ምስክር ይዛ ፍርድ ቤት ስትመላለስ አይቻለሁ። እባካችሁ የጋብቻ ምስክር ወረቀቱን አውጡ፣ ግማሽ ቀን አይፈጅም።

አሁን ወደ 400 ሺሁ። ሙሉውን ሲሚንቶና ብረት ላይ አታፍስሰው፣ ሙሉውን ባንክም አታስተኛው። ባንክ ከጥቅምት 2010 ጀምሮ ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ 7 ከመቶ ነው፤ ወለድ አልፈልግም ካልክ ከወለድ ነፃ ሒሳብ አለ፣ ያው ማስቀመጫ ነው። ገበያው በ7 ከመቶ እየሄደ እንዳልሆነ ባለቤትህ በሱቋ ዕቃ ስትሞላ ታውቀዋለች። ሐምሌ 2016 ብሩ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ቀናት 100ን ሲያልፍ አይተናል። ቤትም ቢሆን የተጀመረ ፎቅ ብረቱ ወደ ሰማይ ቆሞ አሥር ዓመት የሚዝግበት ሰፈር ሞልቷል። እኔ ብሆን ለአንድ ዓመት የአባቴ ማስታመሚያና የቤት ወጪ የሚበቃውን በቶሎ ከማወጣው ሒሳብ አስቀምጣለሁ፣ በቀረው ግቢ ውስጥ የሚያልቅ ሁለት ክፍል ሰርቪስ እሠራለሁ። የሚያልቅ ያልኩት ሆን ብዬ ነው። ኪራዩን በውል አድርገው፤ በአዋጅ 1320/2016 የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል ከ2 ዓመት ማነስ የለበትም፣ ጭማሪውም እንዳሻህ አይደለም፤ ስለዚህ የመጀመሪያውን ዋጋ አስበህ ቁረጥ። ባለቤትህ ጡረታ የላትም። ከኪራዩ የአንዱ ክፍል በእሷ ስም ሒሳብ ይግባ።

እቁብ ለጣሪያ ቆርቆሮ ጥሩ ነው፣ ለእርጅና አይሆንም። ቅሬንም፣ የእኛን የወሎ እድር፣ አትቁጠር፤ ቅሬ ቀብርህን ያሳምራል፣ የአልጋ ቁራኛ ብትሆን ግን ጎረቤት ካልሆነ በቀር ማንም ሌሊት አይነሳልህም።

እሱ ነው ወደ አባትህ ያመጣኝ፤ ከጥያቄህ የከበደኝም ይኸው ነው። ኮምቦልቻ ሞቃት ናት፣ ከደሴ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች፤ ለጉልበታቸውም ለትንፋሻቸውም ይሻላል። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ታዲያ ለምን እምቢ ይላሉ? መስጊዳቸው፣ ቅሬያቸው፣ በር ላይ ቁጭ ሲሉ ሰላም የሚሏቸው ሁሉ ደሴ ናቸው። ካመጣሃቸው በኋላ ቀኑን ሙሉ ግድግዳ ሲያዩ የሚውሉ ከሆነ ሙቀቱ አይጠቅማቸውም። መጀመሪያ ክረምቱን ብቻ አንተ ጋ ይሁኑ፤ ነሐሴ ላይ የጦሳ ተራራ ጭጋግ ሲወርድ ደሴ ለሽማግሌ ይከብዳል። የቅሬ መዋጮአቸውን ግን እንዳታቋርጥባቸው፣ እሱ ከተቋረጠ ቤታቸውን እንደሸጥክባቸው ነው የሚቆጥሩት።

ደሴ ከሆኑ ቤቱን አዘጋጅ። የአማቴ ሽንት ቤት ግቢው ጥግ፣ ከአምስት የድንጋይ ደረጃ በታች ነበር። ቀን ቀን ምንም አይመስልም። ሌሊት ግን ጋቢያቸውን በአንድ እጅ፣ ባትሪውን በሌላው ይዘው ሲወርዱ መደገፊያ እጅ አይቀራቸውም። ብየዳ ቤት ሄደን የቧንቧ ብረት አስቆርጠን ከበሩ እስከ ሽንት ቤቱ መያዣ አስተከልን፣ ደረጃው ጫፍ ላይ ነጭ ቀለም አስቀባን፣ አምፖል አንጠለጠልን፤ ለዝናብ ሌሊት ክዳን ያለው ፖፖ ከአልጋው ሥር አኖርን። አልጋውንም እግሩን አስቆርጠን ዝቅ አደረግነው፣ ሲቀመጡ ተረከዛቸው መሬት እንዲነካ። ይህ ሁሉ ከአንድ የዳሌ ስብራት ሕክምና ጋር አይወዳደርም። ሽማግሌ ከወደቀ በኋላ የሚመጣውን የታመመ የጠየቀ ሁሉ ያውቀዋል።

ዓይናቸው ከደከመ «እርጅና ነው» ብላችሁ አትተዉት። ሞራ ከሆነ በቀዶ ሕክምና ይነሳል፤ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ቅርባችሁ ነው። የጤና መድን ደብተራቸውን በየዓመቱ በእድሳቱ ወቅት ቀበሌ ሄደህ አሳድስ፤ ያመለጠው ዓመት ሙሉ ከኪሱ ይከፍላል። መጀመሪያ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ በሪፈር ሆስፒታል ነው መንገዱ፤ በቀጥታ ሆስፒታል ከገባችሁ መድኑ ወጪውን ሙሉ ላይሸፍን ይችላል። መነጽርና ሰው ሠራሽ ጥርስ መድኑ አይሸፍንም፣ ለነሱ ብር ይዘህ ተዘጋጅ። የደም ግፊት መድኃኒት ደግሞ «ተሽሎኛል» ብለው እንዳያቋርጡ ጠብቃቸው፣ የዚህ አገር ሽማግሌ ሁሉ ጠባይ ነው።

ሦስታችሁ ልጆች አባታችሁ ባሉበት ተነጋገሩ፣ እህትህ በስልክ ትግባ። ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ ነው። በየቤቱ የማየው ይህ ነው፦ ብር የላከ አዛዥ ይሆናል፣ አጠገባቸው ሆኖ የደከመ ተወቃሽ። ከጂዳ ተደውሎ «ለምን ሾርባ አልሰጣችኋቸውም» ሲባል ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች ነው። ስለዚህ ድካሙም እንደ ብር ይቆጠር። ያንተ ባለቤት ክረምቱን የምታጥብ፣ የምታበላ ከሆነ የእሷ ድርሻ ተከፍሏል ማለት ነው፤ ሌሎቹ የሚልኩት ለሠራተኛዋና ለመድኃኒቱ ነው። ወጪውን አንድ ሰው ደብተር ላይ ይመዝግብ፣ ደረሰኙን በቴሌግራም ይላክላቸው። እኛ ቤት ጭቅጭቁ ጋብ ያለው ደረሰኝ መላክ ከተጀመረ ወዲህ ነው።

ሠራተኛ ማግኘት ከባድ መሆኑን አልደብቅህም። የጎበዞቹ ልጃገረዶች ልብ እህትህ ያለችበት ነው ያለው፤ ሥራውን አስተምረሃት ዓመት ሳትቆይ ፓስፖርቷን ይዛ ትሄዳለች፣ አይፈረድባትም። እኔ የምመርጠው በአርባዎቹ ያለች፣ የራሷ ቤት ያላት፣ ተመላላሽ የሆነች ሴት ነው። ሰፈሩ ከሚከፍለው ጨምርላት። እንጀራ መጋገርና የቤተሰቡን ልብስ ማጠብ አትደርብባት፣ ሥራዋ እሳቸው ብቻ ይሁኑ። ለሌሊቱ አንድ የዘመድ ልጅ እዚያ እያደረ ቢማር ሁለቱም ይጠቀማሉ።

አባትህ ራሳቸው ቀርበው ሳሉ፣ የሚፈርሙትንም አውቀው ሳሉ፣ ለአንዳችሁ ውክልና በሰነድ ማረጋገጫ ይስጡ። አንዴ ስትሮክ ከመታቸውና አንደበታቸው ከተያዘ ሒሳባቸውን ለማንቀሳቀስ ፍርድ ቤት ሞግዚት እስኪሾም መጠበቅ ሊመጣ ነው፤ የሆስፒታሉ ሒሳብ ደግሞ አይጠብቅም። ውክልና ከሞት በኋላ እንደማይሠራ እወቁ፤ ያን የሚፈታው ኑዛዜና የወራሽነት ማስረጃ ነው። ቤቱን በቁማቸው በስጦታ ለአንዱ ልጅ ያዛውሩ የሚል ምክር ከመጣ ግን እኔ አልደግፍም። ልጁ መልካም ቢሆን እንኳ ነገ ባለዕዳ ይሆናል፣ ይፋታል፣ ይሞታል። ሽማግሌ እስከ መጨረሻው በገዛ ቤቱ ይኑር።

እሑድ ደሴ ስትወጣ ከአባትህ ጋር ስለ ክረምቱ ብቻ አውራ፣ ሌላውን እሳቸው ያመጡታል። ሰኞ ደግሞ ማህደርህን ጠይቅ። የተመዘገበልህን የቅጥር ዘመንና መደበኛ ደመወዝ እዚህ ስር ጻፍልኝ፣ ስምህን ሳትጽፍ፤ ሒሳቡን ቁጭ ብዬ እሠራልሃለሁ።